ቤለር (በትራክተር የሚጎተት ሣር ማሰሪያ ማሽን) ለምትነዱ ልጆቻችን

ውድ ልጆቼ፣

ከሸኖ እስከ ጫጫና ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ሣር የሚታሰርበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ባለሣሩም ባለመኪናውም ያጣድፋችኋል። አብዛኛው የቤለር ብልሽት ግን የሚመጣው ከዚሁ ጥድፊያ ነው።

በደጋችን ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ ጤዛ ነው። ላዩ የደረቀ ሣር ከሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከረድፉ ሥር እፍኝ አንሡና አገዳውን በጥፍር ፋቁት፤ ልጡ ከተላጠ ገና ነው። ከተጠራጠራችሁ ሣሩን ቆራርጣችሁ ከደረቅ ጨው ጋር ደረቅ ማሰሮ ውስጥ ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ነቅንቁት፤ ጨው ከተጓጎለ አትሰሩት። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያለፈ ድርቆሽ ይሻግታል፣ ሲከመርም ይግላል፤ የክምሩ ውስጥ ሙቀት 70 ዲግሪ ካለፈ በራሱ ሊነድ ይችላል። ማገጥ የሚባለው የሜዳ ተክል የበዛበት ሣር ደግሞ ከልክ በላይ ከደረቀ ቅጠሉ ይረግፋል። ምርጡ መኖ ቅጠሉ ስለሆነ እንዲህ ያለውን በቀትር ፀሐይ አትሰሩት።

ፒቲኦው (የትራክተሩ ኃይል ማውጫ ዘንግ) በደቂቃ 540 ዙር ላይ ይጽና። ሣሩ ሲበዛ ማርሽ ቀንሱ እንጂ ነዳጅ አትቀንሱ። አንድ እስር ሣሩን የሚገፋው ፒስቶን ከ12 እስከ 18 ምት ሊወስድ ይገባል፤ ካነሰ እየፈጠናችሁ ነው። እስሩ እንደ ሙዝ ከጎበጠ ሣሩ በአንድ ጎን እየገባ ነው፣ ወይም ቢላዋው ደንዝዟል። በፒስቶኑና በቋሚው ቢላዋ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የማሽናችሁን ትክክለኛ ልክ ከማኑዋሉ አረጋግጡ።

አሁን ሲባጎውን ወደሚቋጥረው ክፍል፣ ወደ ቋጠሮው እንምጣ፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። እስር ሲፈታባችሁ ሲባጎውን ጥላችሁ አትሂዱ፣ ጫፉን እዩት። ጫፉ በንጹሕ ተቆርጦ ቋጠሮ ከሌለው የሲባጎ መያዣው ላልቶ ሾልኮ ወጥቷል። ጫፉ ከተፈተለተለ መያዣው ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይም የሲባጎ ቢላዋው ደንዝዟል። ቋጠሮው ተሠርቶ ጠምዛዧ መንቁር (ሲባጎውን ጠምዝዛ የምትቋጥረው መንጠቆ) ላይ ተንጠልጥሎ ከተበጠሰ ደግሞ የመንቁሯ ሞላ ጠብቋል፣ ወይም ጠራጊው ክንድ መንቁሯን በደንብ አይጠርጋትም። ሞላውን በሩብ ዙር ብቻ ነክታችሁ ጥቂት እስር ሞክሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከነካካችሁ የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም። ከዚያ በፊት ግን ሲባጎውን ራሱን መርምሩ፤ አንዱ ጋር ወፍራም አንዱ ጋር ቀጭን የሆነ ሲባጎ ላይ ቡሎን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

የቮላኖው (የከባዱ መዘውር) ቡሎን የሚበጠሰው ሌላው የማሽኑ ክፍል እንዲተርፍ ነው። በጠንካራ ቡሎን የተካው ሰው በቀጣዩ ድንጋይ ሲባጎ አቀባዩን መርፌ ወይም ማርሹን ይሰብራል። ሲበጠስ መጀመሪያ መርፌዎቹን እዩ። ቦታቸው ካልተመለሱ የቋጠሮው ክፍል ብሬክ ላልቷል ወይም ቅባት ነክቶታል፤ መርፌዎቹ ወደ ሣሩ ክፍል ሲንሸራተቱ የመርፌዎቹ መከላከያ ፒስቶኑን ስለሚያቆመው ቡሎኑ ይበጠሳል። ብሬኩን ሳታስተካክሉ አዲስ ቡሎን መግጠም ዋጋ የለውም።

ማታ ሥራ ስታቆሙ ብናኙን ከቋጠሮው ክፍልና ከካቴናው ላይ ጥረጉ፣ ግሪስ መግቢያውንም ጠርጋችሁ ሙሉት። ያልተጠረገ አፍ ላይ የተገፋ ግሪስ አፈሩን ይዞ ወደ ኩሽኔታው ይገባል።

ማሽኑ ሲታነቅ ፒቲኦውን ማላቀቅ አይበቃም። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ቮላኖው ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ፤ ከሞተሩ በኋላም ይዞራል። የጠዋቱ ብርድ ጋቢ ያስደርባል፤ ካርዳኖ (ከትራክተሩ ወደ ቤለሩ የሚዞረው ዘንግ) አጠገብ ግን ጋቢም ፎጣም አይደረብም። የካርዳኖው ልባስ የተሰበረ ከሆነ ባለሣሩ ቢቆጣም ሳይቀየር ሥራ አትጀምሩ።