የፒስተን ካርቦን አጸዳድ፦ ስለ 3ኤል ሞተር ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጠያቂያችን ሰማያዊ ጭስ (ዘይት እየተቃጠለ የመሆኑ ምልክት) ያስቸገረዎትን የቶዮታ ሚኒባስ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ሲፈቱ የፒስተኖቹ አናት በደረቀ ካርቦን ተሸፍኖ እንዳገኙት ገልጸዋል። አንዱ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀል፣ ሌላው በድሪል በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ይፈተግ ብለው ስለመከሩዎት የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። በጋራዥ ሥራ ካገኘሁት ልምድ ተነሥቼ ስመልስ፣ ሁለቱንም ባይሞክሯቸው ይሻላል።

ፒስተን የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ከብረት ላይ ቅባትና ቆሻሻ ለማንሣት ቢጠቅምም አሉሚኒየምን ግን ራሱን ይበላዋል። በዚህ መንገድ የተቀቀለ ፒስተን አይቻለሁ፤ ፈሳሹ ውስጥ ገና ሲገባ አረፋ ይደፍቅ ነበር፣ ሲወጣም ገጹ ጠቁሮና ሻክሮ የፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው የብረት ቀለበት) መቀመጫዎቹ ጠርዝ ተበልቶ ነበር። አረፋው ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሆነ እሳት ባለበት አካባቢ ሌላ አደጋ ያመጣል። የሽቦ ብሩሹም ቢሆን በፒስተኑ ጎን ላይ ዘይት እንዲይዙ ተብለው የተሠሩትን ስስ መስመሮች ያጠፋል። በብርጭቆ ወረቀትና በሚሽከረከር ሻካራ ስፖንጅ የሚያጸዱም አሉ። ከእነዚህ የሚረግፈው ደቃቅ ብናኝ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ብሮንዚናዎችን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ተሸካሚዎች) ስለሚበላ የአሜሪካው መኪና አምራች ጀኔራል ሞተርስ ሳይቀር መካኒኮቹን አስጠንቅቋል።

ይሁንና ካርቦኑን ከማንሣትዎ በፊት በደንብ ይመልከቱት። የአናቱ ዙሪያ ጠርዝ በዘይት ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ መሐሉ ብቻ ከጠቆረ፣ ዘይቱ በፋሻዎቹ በኩል እየወጣ መሆኑን ያመለክታል፤ ደረቅና ለስላሳ ጥላሸት ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኢንጀክተሩ (ናፍጣ የሚረጨው ክፍል) ወይም የአየር ማጣሪያው ነው። ሰማያዊ ጭስ ለሚያወጣ ሞተር ይህ ምልክት ከጽዳቱ ይበልጣል፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ መልሶ አይገኝም። እያንዳንዱ ፒስተን የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነና ፊቱ ወደየት እንደነበረም ምልክት ያድርጉበት።

ከዚያ ፋሻዎቹን አውልቀው ፒስተኖቹን በነጭ ጋዝ ወይም በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፈው ያሳድሯቸው። ካርቦኑ ሲለሰልስ በተሳለ ቀርከሃ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ይፋቁት። አናቱ ላይ ጥቁር ቀለም ቢቀር ችግር የለውም፤ እንደ መስታወት ካላበራ ብሎ መታገል ድካም ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው የፋሻ መቀመጫዎቹ ውስጥ ነው። እዚያ የተጋገረ ካርቦን አዲሱ ፋሻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚያግደው፣ ፋሻው ሲሊንደሩን በኃይል ይፋቃል ወይም ይሰበራል። ይህን ካርቦን ለመፋቅ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የዚያኑ ፒስተን አሮጌ ፋሻ ሰብረን ነው፤ ሆኖም የላይኛው ፋሻ አቆራረጡ ሽብልቅ ቅርጽ ያለው ከሆነ የሌላ መቀመጫ ፋሻ አያስገቡበት። የሚፋቀው ወለሉ ላይ ያለው ካርቦን ብቻ ነው፤ ነጭ አሉሚኒየም መላጥ ከጀመረ ወዲያውኑ ያቁሙ፣ የመቀመጫው ግድግዳ ከተላጠ ክፍተቱ ሰፍቶ ፒስተኑ ከጥቅም ውጭ ይሆናልና። በታችኛው የዘይት ፋሻ መቀመጫ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በስስ እንጨት ይከፈቱ። እነሱ ከተደፈኑ ዘይቱ መመለሻ ስለሚያጣ አዲስ ፋሻ ገብቶም ጭሱ አይቆምም።

መጽዳቱን የማረጋግጠው አዲሱን ፋሻ ከውጭ በኩል በመቀመጫው ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በማንከባለል ነው፤ የሚያዝበት ቦታ ካለ እዚያ ካርቦን ቀርቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በፋሻውና በመቀመጫው ግድግዳ መካከል ያለው የጎን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይለካና ከሞተሩ ማኑዋል ጋር ይነጻጸር፤ ከገደቡ ካለፈ ፒስተኑ ይቀየር።

በመጨረሻ በሞቀ የሳሙና ውሃ አጥበው በኮምፕሬሰር አየር ያድርቋቸውና ዘይት ይቀቧቸው። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረት የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ገጽ በላይ በሚወጣበት ልክ ስለሆነ፣ ይህን ልኬት የሚወስዱት አናቱ ከጸዳና ፒስተኑ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ይሁን።