ማድ ሞተር የሚዞረው በጭቃ ነው

ሰላም ወንድሜ። «ቧንቧው ከላይ ሳይዞር ጫፉ ላይ ያለው ቢት (ድንጋዩን የሚፈጨው የመቆፈሪያ ራስ) ብቻውን እንዴት ይዞራል? ሦስት ኪሎ ሜትር መሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ከየት ያገኛል? ተርባይን አይሻልም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ምዕራብ ቴክሳስ፣ ሚድላንድ አካባቢ ሪግ (የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ) ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

ቢቱን የሚያዞረው ከበላዩ የሚገጠም ማድ ሞተር የሚባል ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለውም። የሚያዞረው ጭቃው ነው። ጭቃ የምንለው በቧንቧው ውስጥ ከላይ በፓምፕ የምንገፋውን የመቆፈሪያ ፈሳሽ ነው፤ ቢቱን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ ያወጣል። እግረ መንገዱን ደግሞ ሞተሩን ያዞራል።

በእጅ የሚዞረውን የሥጋ መፍጫ ታውቀው የለ? እጀታውን ስታዞር ውስጥ ያለው ጥምዝ ብረት ሥጋውን ወደፊት ይገፋል። አሁን ነገሩን ገልብጠው። ሥጋው በኃይል ቢገፋ ብረቱ ይዞር ነበር። ማድ ሞተር ማለት ይኸው ነው። ጥምዙ ብረት ሮተር ይባላል። የሚቀመጥበት ቱቦ ስታተር ነው፤ ውስጡ እንደዚያው በተጠማዘዘ ጎማ ተለብጧል። የስታተሩ ጥርስ ሁልጊዜ ከሮተሩ በአንድ ይበልጣል፣ 7 ለ 8 ወይም 4 ለ 5። በመሃል በሚፈጠረው ክፍተት ጭቃው ሲገፋ ሮተሩ ይዞራል። ጥርሱ ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ሐሳቡ የመጣው ሬኔ ሟኖ የተባለ ፈረንሳዊ በ1930ዎቹ ከፈጠረው ፓምፕ ነው።

ጥበቡ ያለው ግን ከሥር ነው። የሞተሩ የታችኛው ቤት ትንሽ ታጠፍ ያለ ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ዲግሪ ገደማ። ቧንቧውን ከላይ ካላዞርከው ቢቱ ብቻ እየዞረ ጉድጓዱ ወደታጠፈበት ይሄዳል። ሙሉውን ካዞርከው እጥፋቱ ዙሪያውን ስለሚዞር ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። እያፈራረቅክ ቁልቁል የጀመርከውን ጉድጓድ አግድም ታደርገዋለህ።

ሠራተኛውን የሚፈትነው ጎማው ነው። አንድ ሌሊት ቢቱ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ተጫነና ቆመ። መዞሪያ ያጣው ጭቃ ጎማውን እየደፈጠጠ ማለፍ ጀመረ። የግፊት መለኪያው ወዲያው ዘለለ። ያን ጊዜ ፓምፑን ቀንሶ ቧንቧውን ማንሳት ነበር። የእኛ ሰው «ይለቃል» ብሎ ጠበቀ። የለቀቀው ጎማው ነው! ቁርጥራጩ የቢቱን ቀዳዳዎች ደፈናቸው። ቧንቧውን በሙሉ አውጥተን፣ ሞተር ቀይረን እስክንመለስ ቀኑ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከመለኪያው አይነሳም።

የት ይሠራል ላልከው፣ አግድም የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ዋናው ነው። በወንዝ ሥር ቧንቧ ለማሳለፍም ይጠቀሙበታል። ተጠቅልሎ በሚመጣው ቧንቧ ሲሠራ ደግሞ የግድ ነው፤ ያ ቧንቧ ከላይ አይዞርም።

አገራችንንም ይነካል። አሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ (በፈረንጆች) ስምንት የእንፋሎት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በኋላ የተቆፈሩት ኤልኤ-9ዲ እና ኤልኤ-10ዲ ግን ዘንበል ያሉ ናቸው፤ «ዲ»ዋ ይህንኑ ነው የምትነግርህ። እዚያ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ተራ ጎማ ከ150 ብዙ ሳያልፍ መልፈስፈስ ይጀምራል። እንዲህ ባለ ቦታ ሞተሩን የሚያተርፈው ከላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ስታወርድ በየመሃሉ እየቆምክ ፓምፕ ታደርጋለህ።

ተርባይን ያልከው ደግሞ የገጠሩን የውሃ ወፍጮ ይመስላል፣ ጭቃው ምላጮቹን እየመታ ያዞራል። ሶቪየቶች በብዛት ቆፍረውበታል። ጎማ ስለሌለው ሙቀት ይችላል። ግን በጣም ይፈጥናል፣ ጉልበቱ ያንሳል። ሁሉም ዓይነት ቢት ደግሞ ያን ፍጥነት አይችለውም። ለጠንካራና ለሞቃት ድንጋይ እሱን ብትጠይቅ ልክ ነህ፤ ለእኛ ዓይነት ሥራ ግን ማድ ሞተሩን አልለውጥም።