የምንጭ ዓይን ላይ ውሃ አይጫን

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጠያቂው ጓሯቸው ውስጥ የምትፈልቅ ምንጭ አለቻቸው። ዙሪያዋን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብተው ኩሬ አደረጓት። ውሃው አንድ ሜትር ያህል ሞላና ቆመ። አሁን ምንጯ ራሷ ደክማለች፤ ከታች ያለው የጎረቤት ማሳ ደግሞ በጠራራ በጋ ይረጥባል። "ግንቡን በሲሚንቶ ደግሜ ልለስነው?" ይላሉ።

ወንድሜ፣ ሲሚንቶዎን ያስቀምጡ። ምንጭ ማለት ከመሬት ውስጥ የቀለለውን መንገድ ይዞ የወጣ ውሃ ነው። ዓይኑ ላይ አንድ ሜትር ውሃ ሲጭኑበት ያ መንገድ ይከብደዋል፤ ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል። ጎረቤትዎ ማሳ ላይ የሚወጣው የእርስዎው ውሃ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ሥራ ስጀምር አንዲት ምንጭ እንዲሁ አፍኜ አጥፍቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ግንቡን ከታች ይብሱትና ውሃውን ይልቀቁት። ብዙ ጊዜ ምንጩ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ አይዘግዩ። ዓይኑ ጋ አሸዋው እየተንተከተከ ሲወጣ ካዩ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ ዓይኑን በእጅ ቀስ ብለው ይጥረጉ። ከስር ያለውን ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ንብርብር እንዳይበሱት፤ ከተበሳ ውሃው ወደ ታች ይሰምጣል። ንጹሕ ድንጋይና ጠጠር ይሙሉበት። ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ከዓይኑ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያውጡና ከላይ ይክደኑት። የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ ከበላዩ ቦይ ይቅደዱ። የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ከዚህ ቧንቧ ነው፣ ከኩሬው አይደለም።

ኩሬው ከዓይኑ በታች ይቆፈር፤ ሲሞላ እንኳ ውሃው ከቧንቧው አፍ በታች ይሁን። ስፋቱን በግምት አይወስኑ። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ምንጯ በጣም በምትደክምበት ጊዜ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅነው ሰከንድ ይቁጠሩ። በ80 ሰከንድ ከሞላ፣ በአንድ ሌሊት፣ በ12 ሰዓታት ውስጥ፣ 10,800 ሊትር ያገኛሉ። ሌሊት አጠራቅሞ ቀን ለማጠጣት 11 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ይበቃዎታል።

አፈሩ ላይ ግን ይጠንቀቁ። እናንተ አገር ያለው ጥቁር ዋልካ እርጥብ ሲሆን ውሃ ይይዛል፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አቅም ካለ ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ) ያንጥፉ። ከሌለ፣ በመዳፍዎ ሲያድቦለቡሉት እንደ እርሳስ ቀጥኖ የማይቆረስ ጭቃ ይፈልጉ። ጭቃውን 15 ሳንቲ ሜትር ደልድለው ይጠቅጥቁ፤ ከላዩ ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር ይድገሙ። ጎኖቹ ተዳፋት ይሁኑ፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይናዳል፣ የወደቀ ልጅም መውጫ አያገኝበትም። አጥር የግድ ነው።

የትርፍ ውሃ ማስወጫው ከመግቢያው ቧንቧ ይስፋ፤ አፉ ላይ ድንጋይ ይደርድሩ። ጭቃ ከለሰኑ፣ ኩሬውን ጨርሰው አያድርቁት፤ ለመስኖ ሲለቁም ከታች ሁለት ስንዝር ውሃ ይቅር።