ለኮሌጁ የክብር ማኅበር ገንዘብ ልክፈል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ጉዳይ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። በዲቪ መጥተሽ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ትማሪያለሽ፤ ከሥራ ጋር እየታገልሽም ውጤትሽ አምሯል፤ አሁን ደግሞ ፋይ ቴታ ካፓ ከሚባለው ጥሩ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች የሚጋበዙበት የክብር ማኅበር «አባል ሁኚ» የሚል ኢሜይል ደርሶሽ ወደ መቶ ዶላር ክፈይ ተብለሻል። ማጭበርበር ነው ወይስ ይጠቅማል ብለሻል። ማጭበርበር አይደለም። መጥቀም አለመጥቀሙ ግን ከዚህ ኮሌጅ ወጥተሽ በምትሄጂበት ቦታ ይወሰናል። እኔ በጊዜው ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

ከእኔ በፊት የመለሰልሽ ወንድማችን በስሙ ውስጥ ያሉትን የግሪክ ፊደላት አይቶ «የምስጢር ማኅበር ነው፣ ሻማ ያስይዛሉ» ብሎሻል። አባል በሆንኩበት ሥነ ሥርዓት ሻማስ እኔም ይዣለሁ። ከዚያ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን፣ እኔም በቀጥታ ወደ ሌሊት ሥራዬ ሄድኩ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1918 ሚዙሪ ውስጥ ተመሥርቶ በ1929 የሁለት ዓመት ኮሌጆች ይፋዊ የክብር ማኅበር ተብሎ እውቅና ያገኘ ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም ሚሲሲፒ ግዛት ጃክሰን ከተማ ይገኛል። ይልቅ መጠንቀቅ ያለብሽ «ክብር» የሚለውን ቃል ስማቸው ላይ ለጥፈው ለማንም ሰርተፍኬት ከሚሸጡት ነው። የእውነተኛው ማኅበር ቅርንጫፍ እዚያው ኮሌጅሽ ውስጥ አለ፤ አማካሪውም የኮሌጁ መምህር ነው። ቢሮው ድረስ ሄደሽ አነጋግሪው።

እንግዲህ በተራ ቁጥር ልንገርሽ።

1. ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው፤ በየዓመቱ አይመላለስም። መጠኑ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይለያያል። አዲስ ለመጣ ሰው መቶ ዶላር ትንሽ ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለቤተሰብ የሚላክ ነው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት አማካሪውን «ክፍያውን የምትሸፍኑበት መንገድ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚሸፍኑ ቅርንጫፎች አሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም። በምረቃ ቀን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ጨርቅ ለብቻው የሚከፈልበት ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ይቅርብሽ። እኔ የገዛሁት ደሴ ያለችው እናቴ «ሌሎቹ የለበሱት አንተ ለምን የለህም?» እንዳትለኝ ብዬ ነው።

2. የምትማሪውን የትምህርት ዘርፍ አልጻፍሽም፤ እንደ እኔ የሒሳብ አያያዝ ነው ብዬ ልያዝ። ነርሲንግ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሁለት ዓመቱን ጨርሰሽ የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጠውን የኤንክሌክስን ፈተና ካለፍሽ ሆስፒታሉ የሚያየው ፈቃድሽን ነው፤ ስለ ማኅበሩ የሚጠይቅሽ የለም። የአራት ዓመቱን ዲግሪም ቢሆን ብዙ ሆስፒታሎች ሠራተኞቻቸውን በራሳቸው ወጪ ያስተምራሉ። ያኔ መቶ ዶላሩን ለፈተናው ማመልከቻ አስቀምጪው።

3. ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የምትዛወሪ ከሆነ ግን ክፈይ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ የዚህ ማኅበር አባላት ብቻ የመደቡት ስኮላርሺፕ አላቸው። አንዳንዱ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ያወዳድራል። ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ መስቀል አንድ ነገር ነው፤ ይህን ገንዘብ ማግኘት ግን ከአንድ ጨካኝ ቢሮ ጋር መታገልን ይጠይቃል። የእኔን ስሚ።

ኮሌጅ ስመዘገብ መዝጋቢው «የመጨረሻ ስም» በሚለው ቦታ የአባቴን ስም ጻፈ። ግሪን ካርዴ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም ግን የአያቴ ነው። ኮሌጁ ውስጥ ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ትራንስክሪፕቴም የማኅበሩ አባልነቴም በአባቴ ስም ሄዱ። ለዩኒቨርሲቲው ሳመለክት ቅጹ የጠየቀው በመታወቂያ ላይ ያለውን ስም ስለነበር በአያቴ ስም ሞላሁ። ትራንስክሪፕቱን እንደ ምንም አገናኙት። ማኅበሩ የላከው የአባልነት ማረጋገጫ ግን ባለቤት አጥቶ የትም ገባ። በስልክ ስጠይቅ «ፋይልህ ሙሉ ነው» አሉኝ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ «የአባልነት ማረጋገጫ ስላላቀረብህ ለስኮላርሺፑ አልታየህም» የሚል ደብዳቤ መጣ።

ግሪን ካርዴን፣ የኮሌጅ መታወቂያዬንና ሰርተፍኬቱን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሄድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ «እነዚህ የሁለት ሰዎች ስሞች ናቸው» አለችኝ። በእኛ ሀገር የቤተሰብ ስም የሚባል እንደሌለ፣ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም እንደሚጠራ አስረዳሁ። «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው» ብላ ቀጣዩን ተረኛ ጠራች። ደሴ በነበርኩበት ጊዜ ባንክ ውስጥ ለዓመታት መስኮት ጀርባ ተቀምጫለሁ፤ ስሙ የተምታታበት ገበሬ ሲመጣ ተነሥቼ ምስክር አፈላልግ ነበር እንጂ እንዲህ አልመለስኩም።

አለቃዋን አስጠራሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ፈገግታውም አይጠገብም። «በጥር ሴሚስተር ብትገባ እስከዚያ ፋይልህን እናስተካክላለን፣ ስኮላርሺፑም ይከተልሃል» አለኝ። ጥር መጣ፤ የመጣልኝ ግን ሙሉው ዕዳ ነው። ለካ ስኮላርሺፑ የሚሰጠው በነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ለሚጀምሩ ብቻ ኖሯል! በዓመት አራት ሺህ ዶላር፣ ለሁለት ዓመት። ያን ሰውዬ ስፈልገው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ የተናገረውም በቃል ስለነበር የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ስምንቱን ሺህ ዋሽንግተን ውስጥ ከመሬት በታች መኪና ሳቆም ባደርኩበት ገንዘብ ከፍዬዋለሁ። ተመርቄያለሁም፤ ዛሬ የምሠራው በሙያዬ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ኮሌጅሽ መዝገብ ቤት ሄደሽ ስምሽ ግሪን ካርድሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን አረጋግጪ። የማኅበሩ መመዝገቢያ ላይም እንደዚያው ይሁን። ከእኔ በኋላ የመጣ አንድ የጎንደር ልጅ ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፤ ገና ሳያመለክት ስሙን አስተካክለንለት ስኮላርሺፑን ሙሉውን ወስዷል። ዩኒቨርሲቲውን ደግሞ በኢሜይል ጠይቂ፣ በኢሜይል ያስመልሱሽ፦ በጥር ለሚገባ ይሰጣል ወይ? ስንት ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው? የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ሳይጨርስ የተዛወረ ያገኛል ወይ? ብዙዎቹ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንን ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ቢያንስ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው። ከሥራሽ ጋር የማይሄድ ከሆነ ከአሁኑ እወቂው።

ቁጥሬ ጠፍቶብኛል፤ አራተኛ ይሁን። የምትዛወሪበትን ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፑ ብቻ እንዳትመርጪ። ክሬዲቶችሽ ተቀባይነት ካላገኙ ያንኑ ትምህርት ሁለት ጊዜ ትከፍዪበታለሽ፤ ስኮላርሺፑ የሰጠሽን ይህ ይበላዋል። ለሜሪላንድ ኮሌጆች አርትሲስ የሚባል የክሬዲት ዝውውር ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ አለ፤ እያንዳንዱን ኮርስ እዚያ ላይ እዪ። ደግሞም ትልቁ ገንዘብ ያለው በማኅበሩ በኩል አይደለም። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55 ሺህ ዶላር ይሰጣል፤ ውድድሩ እጅግ ከባድ ቢሆንም የማኅበር አባልነት ግዴታ አይደለም። ውጤትሽ ጥሩ ከሆነና ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ለምን አትሞክሪውም?

ስብሰባ ላይ ለመገኘት ጊዜ የለኝም ብለሻል። ከፍለሽ ዝም ብትዪም አባል ነሽ፤ ለስኮላርሺፑ ይበቃል። እኔ ግን ከባንክ የመጣሁ ነኝና የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች መሃል ተቀምጬ ለተማሪዎች ምግብ በነፃ ለሚሰጠው የኮሌጁ የምግብ መደብር የሚሰበሰበውን እመዘግብ ነበር። ከዚያው መደብር ሩዝና ዘይት ይዤ የሄድኩባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ለተማሪ የተቀመጠ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ስጠየቅ ስለ አባልነቱ ማንም አላነሣም፤ ስለ ገንዘብ ያዥነቱ ግን ብዙ ጠየቁኝ። የድጋፍ ደብዳቤዬንም የጻፉልኝ የቅርንጫፉ አማካሪ ናቸው። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያውቅሽ መምህር «ጎበዝ ተማሪ ነች» ብሎ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ እርሳቸው ግን የሌሊት ሥራዬን ሁሉ ያውቁ ስለነበር ሙሉ ገጽ ጻፉልኝ። በወር አንድ ቀን ካገኘሽ ሂጂ።

በግብዣው ኢሜይል ላይ የመቀበያ ቀነ ገደብ ይኖራል፤ ስሙን ሳታስተካክዪ በችኮላ እንዳትከፍዪ፣ ቀኑም እንዳያልፍብሽ። ልትዛወሪባቸው ያሰብሻቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት ዘርፍሽን እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፤ የእኔው ዩኒቨርሲቲ ካለበት የትኛውን መስኮት መሸሽ እንዳለብሽ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።