ልጅሽ በእንግሊዝኛ ለምትመልስልሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ ነው የመሰለኝ። የ8 ዓመት ልጅሽ አማርኛ ትሰማለች ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፣ በአማርኛ ባወራች ቁጥር ገንዘብ ልስጣት ወይ ነው ያልሽው። እኔ ሞክሬዋለሁ። እባክሽ አትስጪ።

1. ገንዘቡን ተዪው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ልጄ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር። ለአንድ አዲስ ቃል አንድ ኳርተር (25 ሳንቲም) ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ሲል! ማንኪያ፣ ወንበር፣ መጋረጃ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርቶ ጨረሰው። ወር ሳይሞላ «ውሃ ስጪኝ» ለማለት ዋጋ ይደራደረኝ ጀመር። አንድ ቀን እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ?» ስትለው፣ ዞር ብሎ ስንት ትከፍይኛለሽ አለኝ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እናቴ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ያን ቀን ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ድሮ የታወቀ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተብለው ከሳሉ በኋላ፣ በነፃ ሰዓታቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም።

2. ደረቅ «ጎበዝ» አይበቃም፣ ምን እንዳደረገች ንገሪያት። ይሄን የተማርኩት በክፉ ነው። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት አስገብቼው ነበር። «ጠረጴዛ»ን «ተረፔዛ» ብሎ ሲያነብ መምህሯ በልጆቹ ፊት «አንተ አበሻ አይደለህም እንዴ?» አለችው። ክፍሉ ሳቀበት። ሄጄ ባናግራት «እኛም እየተቆጣን ነው የተማርነው» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ልጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንድ የአማርኛ ቃል አልወጣውም። አስወጣሁት፣ ፊደሉን ራሴ ቤት አስቆጠርኩት። ኩራት ይሰማኛል። «ጠ»ን ሲያወጣት «አሁን "ጠ"ን ከ"ተ" ለየሃት፣ እኔም ሰማሁ» እለው ነበር። ፊቱ ሲበራ ብታዪው!

3. ስትሳሳት አታስቁሚያት። ወንድ ልጅ ሁሌ «ና» ሲባል ስለሚሰማ፣ የኔው «እማዬ ና» ነበር የሚለኝ። ያንቺ ደግሞ አባቷን «ነይ» ትለው ይሆናል። አትሳቁባት። እኔ «እማዬ ነይ አልከኝ? መጣሁ!» ብዬ የያዝኩትን ጥዬ እሄድለት ነበር። ትክክለኛውን ይሰማል፣ ደግሞም ጠርቶኝ መጣሁለት። ከኳርተሩ ሁሉ የሠራልን ይሄ ነው፤ በአማርኛ ሲናገር የሆነ ነገር ይሆንለታል። ተረት ንገሪኝ ካለ፣ ሊጥ እያቦካሁም ቢሆን «ተረት ተረት» እላለሁ፣ እሱ «የመሠረት» ይላል።

አሁን 11 ዓመቱ ነው። እሁድ እሁድ ለአያቱ ራሱ ይደውላል፣ ያለ ሳንቲም። እናቴን እንደ ጓደኛው «አንቺ» ነው የሚላት፣ እሷም ትወደዋለች፣ ስለዚህ እስካሁን አላረምኩትም።

የልጅሽ አያት አገር ቤት ካሉ ከዚያ ጀምሪ። እንደኛ በምሥራቅ አሜሪካ ከሆናችሁ ከኢትዮጵያ ጋር እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለምንለያይ በናንተ ጠዋት ደውዪ። ግን አስቀድመሽ ለብቻቸው አናግሪያቸው፤ ስትሳሳት እንዳይስቁ፣ ስትዘገይም «በቃ ስልኩን ለእናትሽ ስጫት» ሳይሉ እንዲጠብቋት።