ጥያቄና መልስ፦ ሦስት ጊዜ የተሰረዘችው የጢስ ዓባይ ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ወር በዊኪቮዬጅ ላይ የሚገኘውን የባሕር ዳር ገጽ ስለሚያርሙ የከተማችን በጎ ፈቃደኞች ጽፌ ነበር። ለማያውቅ፦ ዊኪቮዬጅ ማንም ሰው የሚጽፍበትና የሚያርመው ነፃ የጉዞ መመሪያ ነው። ወደ ዊኪፔዲያ ቤተሰብ የገባው በጥር 2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዊኪፔዲያ የሚለየው ጸሐፊው መጽሐፍ ሳይጠቅስ፣ በእግሩ ሄዶ በዓይኑ ያየውን መጻፍ መቻሉ ነው። ደብዳቤ አጥለቀለቀኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ የመጡት ግን በቀላሉ የሚረሱ አይደሉም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስድቦቹን አስቀርቻለሁ።

ሁለት ጓደኛሞች ተከራክረው ዳኝነት ጠየቁኝ። «ባህር ዳር» ነው ወይስ «ባሕር ዳር»?

በሐመሩ ሐ ነው። የምታርሙት ገጽ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ክርክራችሁን እዚያ የሚያይላችሁ የለም።

ከሽምብጥ ሰፈር፦ ለዚህ ሁሉ ድካም ስንት ይከፈላል?

ምንም።

አንድ የጀልባ አስጎብኚ በመመሪያው ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት እንግዶችን እያሳሳተ ስለሆነ «ይጥፋልን» ይላል።

አይጥፋ፤ ይታረም። ችግሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምሳ በልቼ ሐይቁ ዳር ቡና ስጠጣ ሁለት ተጓዦች ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ውሃቸውን ይዘው፣ በስምንት ሰዓት ፀሐይ እየሮጡ ጀልባው መነሻ ደረሱ። «ሁለት ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ በሰዓቱ ደርሰናል» አሉ። ደርሰዋል። በእነሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ ሁለት ነው። ጀልባው ግን በእኛ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት፣ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልዘገየም። በጎ ፈቃደኛው የባለ ጀልባውን ቃል እንደሰማው አስፍሮት ነበር።

ስለዚህ ሰዓት ስትጽፉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፤ ጠዋት 2 ሰዓት የሚነሳው 08:00 ይባል። በገጹ መግቢያ ላይም እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት እንደሆነ፣ በቃል ቀጠሮ የሚይዝ እንግዳ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። በዓላትም እንዲሁ። ጥምቀት ጥር 11 ነው ተብሎ ብቻ የተጻፈለት ሰው በእሱ ጃንዋሪ 11 መጥቶ ባዶ አደባባይ ያያል።

አንድ የሆቴል ባለቤት በጎ ፈቃደኞቹ የጻፉትን አንቀጽ ቆራርጠው አንድ መስመር አድርገውታል ብለው አምርረዋል። «ወደር የለሽ»፣ «የጣና ፈርጥ»፣ «ንጉሣዊ መስተንግዶ» የሚሉት ሁሉ ወጥተዋል።

ልጆቹ ልክ ናቸው። የሆቴል ባለቤት የራሱን ሆቴል በመመሪያው ላይ መጻፍ አይከለከልም፤ ማስታወቂያ መጻፍ ግን ይከለከላል። እርስዎ አንድ ገጽ ሙሉ ሲያሞግሱ የመኝታውን ዋጋ ረስተዋል፤ ስልክ ቁጥሩም አንድ አኃዝ ጎድሎታል። እንግዳ ሌሊት ከአየር ማረፊያ ሲወጣ ሆቴልዎ ወደር ይኑረው አይኑረው አያሳስበውም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን፣ ሙቅ ውሃ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ባጃጅ እስከ በሩ መድረሱን ማወቅ ይፈልጋል። እነዚህን ይጻፉ፤ ማንም አይነካብዎትም። «ፈርጥ» የሚለው እንግዳ ካለ ደግሞ እሱ ራሱ ይበል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ በጎ ፈቃደኛ እንዲህ ይላል። ስለ ጢስ ዓባይ «በበጋ ወራት ውሃው እጅግ ይቀንሳል፤ ጎብኚ በፎቶግራፍ ያየውን አይጠብቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመረ። በማግስቱ ተሰረዘ። መለሰው፤ ተሰረዘ። በሦስተኛው «የአገርን ገበና ለፈረንጅ አትንገር» የሚል ማስታወሻ ተተወለት። ምን ላድርግ ይላል።

በመጀመሪያ፣ አራተኛ ጊዜ አትመልሰው። እዚያ የተሰረዘ ነገር አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም። ጉዳዩን ወደ ውይይት ገጹ ውሰደውና ምክንያትህን ጻፍ፤ ሌሎች አራሚዎችም ይግቡበት።

ሥርዓቱ ይኸው ነው። አሁን ወደ ገበናው።

ውሃው የቀነሰበትን ምክንያት የማያውቅ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም ልድገመው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም የተሠሩት ውሃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ወስደው ከፏፏቴው በታች እንዲመልሱት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ እየሳበ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሳልፈዋል። ቤታችን መብራት የሚበራው፣ ስልካችን የሚሞላው በዚህ ነው። አገር መርጦ ያደረገውን ነገር ገበና ማለት ይከብደኛል። ገበና በር ዘግተን የምንሸፍነው ነው። 45 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን፣ መግቢያ ከፍሎ ማንም የሚያየውን ገደል በምን እንሸፍነዋለን?

በየካቲት አንድ ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዤ ሄጄ ነበር። ስልኩ ላይ ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር የተንጣለለበት ፎቶግራፍ አለ። 30 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ ወንዙን በጀልባ ተሻግረን፣ በእርሻ መሐል ተራምደን ገደሉ ፊት ደረስን። ጥቁር ዐለት፣ በአንድ ጥግ ደግሞ ሰው ሻሽ አጥቦ ያሰጣው የመሰለ ውሃ። እንግዳዬ ስልኩን አየ፤ ዐለቱን አየ፤ እንደገና ስልኩን አየ። «ዋናው የት ነው?» አለኝ። ሻርፕ ይዘው የተከተሉን ልጆች አንድም አልሸጡም። ከዛፉ ሥር ጀበና ጥዳ «ቡና ጠጡ» ያለችን ሴትም የሚቀመጥላት አላገኘችም። የተታለለ ሰው ቡና አይጠጣም፤ ወደ መኪናው ይመለሳል።

በመስከረም ከሌላ እንግዳ ጋር ስሄድ ጢሱ ከሩቅ ተቀበለን። ልብሳችን ራሰ፤ ድምፁ ንግግር አላስችል አለን፤ እዚያችው ሴት ዘንድ ሦስቱንም ጠጥተን ሄድን። ቦታው ያው ነው፤ ወሩ ግን ሌላ ነው። ያንተ ዓረፍተ ነገር ማድረግ የነበረባት ይህንኑ ነበር፤ ለመጀመሪያው እንግዳዬ የመስከረሙን ቀን መንገር።

እኛ እኮ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። በጾም ቀን ድንገት ለመጣ ሰው «ዛሬ ያለው ሽሮ ነው» ብላ የምታቀርብ እመቤት አታፍርም፤ እንግዳውም ተመስገን ብሎ ይበላል። የሚያሳፍረው ዶሮ ወጥ ነው ብሎ አስቀምጦ ሽሮ ማውጣት ነው። ሰራዡ ወዳጅህ ከተማውን ስለሚወድ ነው የሰረዘው፤ በዚህ አልጠረጥረውም። ግን እያደረገ ያለው ዶሮ ወጥ ነው ማለትን ነው።

አንተም ግን ጥፋት አለብህ። ዓረፍተ ነገርህ «አትምጣ» ብላ ታበቃለች፤ ምን እንዳለ አትናገርም። እንዲህ አስፋት። ውሃው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። በበጋ ለሚመጣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ አለ፤ የእግር መንገዱ ራሱም ደስ ይላል። ውሃው ዛሬ እንዴት እንደሆነ ከመነሳቱ በፊት በሆቴሉ ስልክ አስደውሎ ይጠይቅ። ያየህበትን ወርና ዓመት ከአጠገቡ አስቀምጥ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አትፍረድ፤ የጉዞ መመሪያ ችሎት አይደለም። የውሃ መጠን ቁጥር ካስፈለገህ የውሃ ምህንድስና የሚያስተምሩ ሰዎች በራስህ ግቢ ውስጥ አሉ፤ ጠይቃቸው። ከዚያ ሰራዡን በሚመጣው ቅዳሜ አብረን እንሂድ በለው። የሁለት ሰው ትራንስፖርት ከፋይ ከታጣ ጻፍልኝ።

አንድ አባት ተቆጥተዋል። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል ተብሎ መጻፉ ስም ማጥፋት ነው፤ እሳቸው ከልጅነት ጀምሮ ዋኝተው ምንም አልሆኑም፤ ልጆቻቸውም ይዋኛሉ።

ይህን ዓረፍተ ነገር የሚነካ ሰው እንዳይኖር በጎ ፈቃደኞቹን እለምናለሁ። ቢልሃርዝያ በጣና ዙሪያ የታወቀ በሽታ ነው። ትሉ ውሃ ውስጥ ካሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ሲገባ ላይታወቅ ይችላል። ሕመሙ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሆድ ቁርጠት፣ በተቅማጥ፣ ደም በተቀላቀለ ሰገራ ሊመጣ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ካልታከመ ጉበትን ይጎዳል። «ምንም አልሆንኩም» የሚለው ቃል ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል።

አባቴ፣ እባክዎ ልጆቹን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እርስዎም ይመርመሩ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሕክምናውም አለ። ለእኔ ሌላ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ይሂዱ። አራሚዎችም የመድኃኒት ስምና መጠን በመመሪያው ላይ እንዳትጽፉ፤ ለወባም ቢሆን። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ እናንተ አደጋው መኖሩን ብቻ ተናገሩ።

«ሴቶች አይገቡም» የሚለው ከጣና ገዳማት ገለጻ ይውጣ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ገጽታ ያበላሻል።

ገዳማቱ ራሳቸው የማይደብቁትን እኛ ምን አግብቶን? ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ዳጋ በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ደሴቱ ደርሳ ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሴት ስለ ገጽታችን ምን እንደምታስብ ይገምቱ።

ከአንድ የታተመ የቱሪዝም ብሮሹር እንዳለ ገልብጬ ብለጥፍስ?

አይሆንም። የባለቤቱ የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። መረጃውን ይውሰዱ፤ ቃሉን የራስዎ ያድርጉት። ለዝርዝሩ ጠበቃ ይጠይቁ።

ስለ መንገድና ጸጥታ ምን እንጻፍ?

ያያችሁትን ከነቀኑ፤ ሌላ ምንም። ቀን የሌለው የጸጥታ ዓረፍተ ነገር በሳምንቱ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ደግሞ አምኖት መኪና ይሳፈራል። ተጓዡን ወደ ኤምባሲውና ወደ አየር መንገዱ ምሩት። ይህን ለይምሰል አልልም፤ በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ግምት ይልቅ የእነሱ ቃል ይሻለዋል። የፖለቲካ አስተያየታችሁን ለቡና ሰዓት አቆዩት።

መመሪያው በአማርኛ ሊጀመር ይችላል?

ይችላል። አዲስ ቋንቋ መጀመሪያ የሚገባው ዊኪፔዲያንና ዊኪቮዬጅን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ለጀማሪዎች ባዘጋጀው ማቆያ ነው፤ እዚያ ሳይቋረጥ የሚጽፍ ቡድን መኖሩ ሲታይ ራሱን ይችላል። «ሳይቋረጥ» የምትለው ቃል ላይ አስምሩበት። ለፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማነው? ከደሴ ወይም ከሐዋሳ የሚመጣ የትምህርት ቤት ጉዞም የት እንደሚያድር ማወቅ አለበት።

በመጨረሻ፣ በሐይቁ ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት ያላቸው እናት በልጃቸው እጅ ጽፈውልኛል። የማስታወቂያ ሰሌዳ የላቸውም። ልጆቹ መጥተው «ሰማያዊ በር ያለው ዓሣ ቤት» ብለው መዘገቧቸው። ግብር ሰብሳቢ ይመጣብኛል ብለው ፈርተዋል።

እማማ፣ ልጆቹ ከግብር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ የጻፉት እንግዳ እንዲመጣልዎ ነው። ካልፈለጉ አውጡልኝ ይበሏቸው፤ ያወጡታል። የግብሩን ነገር የገቢዎች ሰዎች ያውቃሉ፤ እዚያ ይጠይቁ። ለልጆቹ ግን ለብለቡ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ቢነግሯቸው ጥሩ ነበር፤ እኔ ባለፈው ቅዳሜ በሰባት ሰዓት፣ በሐበሻ፣ መጥቼ አልቆ ነበር።