የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናው ካለፈ 8 ወር ሆነ፤ ሕመሙ ለምን አልተወኝም?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ወደ ፊት የወጣ ስለነበረ ከ8 ወር በፊት በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎልኛል፤ አሁን ጥርሶቼ በደንብ ይገጥማሉ። ነገር ግን በግራ በኩል ከንፈሬና አገጬ ደንዝዞም ያቃጥለኛል፤ የነጠላዬ ጠርዝ ሲነካኝ እንኳ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። በየቀኑ አይቡፕሮፌን ብወስድም ለውጥ የለም። ሐኪሜ ራጁን አይተው «አጥንቱ ድኗል» ብለውኛል። ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሐኪምዎም እርስዎም እውነታችሁን ነው። የተቆረጠ የመንጋጋ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይያያዛል፤ ነርቭ ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው የሚያገግመው። የታችኛውን ከንፈርና የአገጭን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ባለ ቦይ ያልፋል፤ መንጋጋውን ወደ ኋላ ለመመለስ አጥንቱ የሚሰነጠቀው በዚሁ ቦይ አጠገብ በመሆኑ፣ ነርቩ ባይቆረጥ እንኳ ሊለጠጥ ወይም ሊጫን ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ በብዙዎች ላይም በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ከመደንዘዙ ጋር ማቃጠልና መንዘር ሲኖር፣ በተለይም ማሳመም የማይገባው ቀላል ንክኪ ሲያሳምም ግን ሕመሙ ከራሱ ከነርቩ የሚነሣ መሆኑን እንጠረጥራለን። ስለ ነጠላዎ የጻፉት ለእኔ ከራጁ የበለጠ ነገር ነግሮኛል፤ ራጅ አጥንትንና አጥንቱ የታሰረበትን ብሎን እንጂ የነርቭን ጤና አያሳይምና።

አይቡፕሮፌን ያልሠራልዎትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ለቁስልና ለእብጠት ሕመም ይረዳል፤ የነርቭን ሕመም ግን ብዙም አይነካውም፣ ለወራት በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ለነርቭ ሕመም የምናዝዛቸው እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ ናቸው፤ በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ ይጨመራሉ፣ ውጤታቸውም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው። እንቅልፍ ያመጣሉ፤ አሚትሪፕቲሊን አፍንም ያደርቃል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ለመፀነስ ካሰቡ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ጎረቤት የተረፋትን ኪኒን ብትሰጥዎት ግን አይውሰዱ።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉልዎትን ሐኪም የነርቭ ስሜት ምርመራ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ። ምርመራው ቀላል ነው፦ ዓይንዎን ጨፍነው ሳለ አገጭዎ በጥጥ ጫፍና በመርፌ ጫፍ ይነካል፣ ግራው ከቀኙ ጋር ይነጻጸራል፣ የደነዘዘውም ቦታ በእስክሪብቶ ይከበባል። በአንዱ ቦታ ስሜት ጨርሶ ከሌለ ነርቭ የሚጠግን ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሊላኩ ይገባል፤ ጥገናው በጊዜ ሲሠራ የተሻለ ስለሆነ ቀጠሮው አይራዘም። ጥገናው ስሜትን ሊመልስ ቢችልም የቆየን ሕመም ያጠፋል ተብሎ ግን ቃል አይገባም።

ሕመሙ ሲያኝኩ የሚብስና ከጆሮ ፊት ለፊት የሚሰማ ቢሆን ኖሮ የመንጋጋውን መገጣጠሚያና ጡንቻ እጠረጥር ነበር። አዲስ እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም የጥርስ አገጣጠም ለውጥ ከመጣ ግን ብሎን ላልቶ ወይም አጥንቱ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

እስከዚያው ቡናዎን በግራ በኩል አይቅመሱ፤ የደነዘዘ ከንፈር ሲቃጠል አያስታውቅም፣ ቁስሉን የሚያዩት በማግስቱ በመስታወት ነው።